የተነጠቀው ልጅና ገንቢ ምግብ

በአንድ መንደር ከደጃፍ ፀሐይ እየሞቀ የተቀመጠ ልጅ አየን። ዕድሜው ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ሦስት ግን አልሞላውም። ፊቱ ሙሉ፣ ጉንጩ የተነፋ፣ እግሩም ድብልብል ያለ ነው። አያቱ አጠገቡ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እናቱ አራስ ናት፤ ከውስጥ ተኝታለች። «ማሙሽ እንዴት ወፍሯል!» አልናቸው። አያቲቱም «ተመስገን ነው ልጆቼ! ቀደም ሲል ከስቶብን ነበር፣ አሁን ወፍሮልናል። ብቻ ጠባዩ ተበላሸ። አይጫወት፣ አይስቅ፣ እህልም እሺ አይል» አሉን። እኛም ሰምተን ዝም አልን። ጠጉሩ ሳስቶ ወደ ቀይ ማለቱን አይተናል፤ ፀሐይ ያቃጠለው መስሎን አለፍነው።

በማግስቱ አብሮን የመጣው የጤና ረዳት ልጁን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ተንበርክኮ አውራ ጣቱን በልጁ እግር ጀርባ ላይ አሳርፎ፣ ጫን አድርጎ እስከ ሦስት ቆጠረና አነሣው። ጣቱ ያረፈበት ቦታ በጭቃ ላይ እንደ ቀረ ኮቴ ጎድጉዶ ቀረ። ሁለተኛውንም እግር እንዲሁ አደረገው፤ እሱም ጎደጎደ። «ይኸ ልጅ አልወፈረም፣ አብጧል። የሞላው ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው» አለን። እኛ የበሽታውን ስም ከመጽሐፍ አንብበን፣ ለፈተና ጽፈን፣ ማርክ ያገኘንበት ነበርን። በሽታው ራሱ ከፊታችን ቁጭ ሲል ግን አላወቅነውም። አፈርን።

የበሽታው ስም ኩዋሺዮርኮር ይባላል። ለአፍ ይከብዳል፣ ነገር ግን የፈረንጅ ቃል አይደለም፤ የአፍሪካ ቃል ነው። ሲስሊ ዊልያምስ የምትባል ሐኪም በዛሬዋ ጋና፣ በዚያን ጊዜ ጎልድ ኮስት በምትባለው አገር ትሠራ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ጋ የሚባሉት የዚያ አገር ሰዎች በሽታውን የሚጠሩበትን ስም ለሐኪሞች ሁሉ አስታወቀች። ትርጉሙም ታናሽ ሲወለድ ከቦታው የተነሣ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። እናቶቹ ያለ መጽሐፍ ነገሩን ደርሰውበት ኖሯል።

የኛም ልጅ እንዲሁ ነው። እናቱ ስታረግዝ ጡት ተነጠቀ። ከዚያ ወዲህ የሚሰጠው በውሃ የራሰ ቂጣ፣ ሲገኝም እንጀራ በሻይ ነው። ሆዱ ባዶውን አላደረም። ታዲያ ሆዱ ሞልቶ ሰውነቱ እንዴት ተራበ? ይህን ለመረዳት ፕሮቲን የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልገናል።

ፕሮቲን የሚለውን ስም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1838 በጽሑፍ ያወጣው ሙልደር የሚባል የሆላንድ ኬሚስት ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ ቀዳሚ ወይም የመጀመሪያ እንደ ማለት ነው። በአማርኛ ፕሮቲን ያለበትን ምግብ «ገንቢ ምግብ» እንለዋለን። ምን ይገነባል ቢባል፣ በሬያችሁን ተመልከቱ። ቀንዱ፣ ሰኮናውና ጠጉሩ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። የኛም ጥፍርና ጠጉር ከዚሁ ነው። ቆዳውና ጅማቱ ኮላጅን ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው። ኮላጅን በዓይን የማይታዩ ሦስት ክሮች እርስ በርሳቸው ተገምደው የተሠራ ገመድ ነው። ጠፍርና ምራን ያን ሁሉ ጉተታ ችለው የማይበጠሱት አለነገር አይደለም፤ ገመዱ ከውስጥ ጀምሮ የተገመደ ነው።

በሬው ቀንበር ሲስብ የሚሠራው ሥጋውም ፕሮቲን ነው። የሁለት እጆቻችሁን ጣቶች ጫፍ ለጫፍ አግናኙና አንዱን በሌላው መካከል እያሾለካችሁ ወደ ውስጥ ግፉ። እጆቻችሁ ተቀራረቡ አይደል? በሥጋ ውስጥ ሁለት ዓይነት የፕሮቲን ክሮች ልክ እንደዚህ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ ሥጋው ያጥራል፣ እግርም ይንቀሳቀሳል።

በደም ውስጥ ደግሞ ሄሞግሎቢን አለ። ቀይ መልክ የሰጠው እሱ ነው። ሥራው ከሳንባ የሕይወት አየር ተሸክሞ እስከ እግር ጣት ማድረስ ነው። አልቡሚን የሚባለው በጉበት ይሠራና የደሙ ውሃ ከደም ሥር ወጥቶ በየሥጋው እንዳይፈስ ይረዳል። ጀርም ሲገባ የሚይዙት ዘበኞችም ፕሮቲኖች ናቸው። ስለዚህ ነው በደንብ ያልተመገበ ልጅ ኩፍኝና ተቅማጥ ሲይዘው ሌላው ልጅ የሚድንበትን እሱ የሚሞትበት።

ሌሎችም አሉ፣ ኢንዛይም ይባላሉ። እነዚህ ሠራተኞች ናቸው። በሰውነት ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጡ፣ የሚቆርጡና የሚያያይዙ ናቸው። እንዲያው በቃል ብቻ እንዳይሆን ቁራሽ ዳቦ አፋችሁ ውስጥ አድርጉና ሳትውጡ ረዘም ላለ ጊዜ አላምጡ። እየቆየ ይጣፍጣል። ስኳር የጨመረበት ማንም የለም፤ በምራቃችሁ ውስጥ ያለው ኢንዛይም የዳቦውን ዱቄት ቆራርጦ ወደ ስኳርነት ለውጦት ነው። ብቅልም እንዲሁ ነው። ገብሱ ውሃ ጠጥቶ ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይም ይነሣል። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ብቅል ለምን እንደሚጣፍጥ ቢጠየቁ ይህን ስም አይጠሩም፣ ሥራውን ግን ከኛ ይልቅ ያውቁታል።

እንግዲህ ቀንድ፣ ደም፣ ምራቅና ጅማት እንዴት ከአንድ ዓይነት ነገር ይሠራሉ? መልሱን ለመረዳት እናንተ አሁን ከማንም ይልቅ ትቀርባላችሁ፤ ፊደል ቆጥራችኋልና።

ላ እና ም ሲገናኙ «ላም» ይሆናል። የመጨረሻውን ፊደል ብቻ ለውጠን ብ ብናደርገው «ላብ» ይሆናል። ከላም ወተት ይታለባል፤ ከላብ ምንም አይታለብም። አንድ ፊደል ብቻ ነው የተለወጠው። ፕሮቲንም እንደዚሁ በፊደል ይጻፋል። ፊደሎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። የአማርኛ ፊደል ከ200 በላይ ነው፤ እነዚህ ግን 20 ብቻ ናቸው፣ ለመሸምደድ ከኛው ፊደል ይቀላሉ። በ20ዎቹ የሰው፣ የበሬ፣ የባቄላና የንብ ፕሮቲን ሁሉ ይጻፋል። አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ በአንድ ክር ላይ ተራ በተራ ይሰካሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከተራቸውና ከብዛታቸው ነው። ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች የሚወጉት ኢንሱሊን ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ 51 ፊደል ብቻ አለው። የእያንዳንዱን ተራ አንድ በአንድ ለይቶ ያነበበው ፍሬድሪክ ሳንገር የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ብዙ ዓመት ደክሞ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ጨረሰው። አንዲት ቃል ለማንበብ ዓመታት ፈጀበት ማለት ነው። ፊደል ሲጠፋባችሁ አትዘኑ።

ሄሞግሎቢን ደግሞ ባለ አራት ክር ነው፤ ፊደሎቹ በጠቅላላው 574 ናቸው። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከአራቱ ክሮች በሁለቱ፣ በእያንዳንዱ 6ኛዋ ፊደል ተሳስታ በሌላ ተተክታ ትገኛለች። ከዚህ የተነሣ የደማቸው ቀይ ሕዋስ ክብነቱ ቀርቶ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ በቀጭን የደም ሥር ማለፍ ያቅተዋል፤ ሰውየውም በሕመም ይሠቃያል። ይህን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 ያገኘው ቨርነን ኢንግራም ይባላል። ሲጽፍ «ይህች አንዲት ፊደል ምን ታደርጋለች» የሚል ሰው ካለ ይህን ይስማ።

ክሩ ተሰክቶ ሲያልቅ እንደ ገመድ ተዘርግቶ አይቀርም። የልጁ አያት የፈተሉትን ክር በእንዝርት ላይ እያጠነጠኑ ልቃቂት ያደርጉት ነበር። ብዙዎቹ ፕሮቲኖች እንደዚሁ ተጠቅልለው ልቃቂት ይሆናሉ። የሰው እጅ ሲያጠነጥን አንዱ ልቃቂት ከሌላው ይለያል፤ ፕሮቲን ግን በፊደሎቹ መሳሳብ ራሱ ይጠቀለላል፣ ያው ዓይነት ፕሮቲን ሁልጊዜ ያንኑ ቅርጽ ይይዛል። ሥራውን የሚሠራው በዚህ ቅርጹ ነው። ቁልፍ በጥርሱ እንደሚከፍት ማለት ነው። ቅርጹ ከተበላሸ ፊደሎቹ ሁሉ ቢኖሩም ሥራ የለም።

ቅርጹ ሲበላሽ ማየት ትፈልጋላችሁ? እንቁላል ስበሩ። ነጩ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ በውስጡ የፕሮቲን ልቃቂቶች ይዋኛሉ። እሳት ሲነካው ልቃቂቶቹ ይፈታሉ፣ እርስ በርስ ይተበተባሉ፣ ነጭና ጠጣር ይሆናል። ብታቀዘቅዙት ወደ ጥንቱ አይመለስም፤ የተተበተበ ክር ማን ይፈታዋል? አሬራ እሳት ላይ ሲጣድ አይቡ ለብቻ አጓቱም ለብቻ የሚሆነው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ የአሬራው መኮምጠጥና ሙቀቱ ተባብረው ፕሮቲኑን ያረጉታል። ይህ መበላሸት ግን ለተመጋቢው ጉዳት አይደለም። የተቀቀለ እንቁላል ከጥሬው ይልቅ ለሆድ ይቀላል፣ የተፈታ ክር ለመቁረጥ ይመቻልና።

ምክንያቱም ስንበላ ፕሮቲኑን እንዳለ አንወስደውም። የበሬ ሥጋ የበላ ሰው የበሬ ሥጋ አያበቅልም። ሆዳችንና አንጀታችን ቃሉን ፊደል በፊደል ይበታትኑታል። ደም ፊደሎቹን ለየሕዋሱ ያድላል፤ ሕዋሱም የሚፈልገውን የራሱን ቃል ይጽፍባቸዋል። ከ20ዎቹ ውስጥ የተወሰኑትን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው ይችላል። 9ኙን ግን መሥራት አይችልም፤ ከምግብ የግድ መምጣት አለባቸው። ከነዚህ አንዱ ቢያጥር ምን ይሆናል?

አንድ ጎበዝ ገበሬ አምስት ሞፈር፣ አምስት ቀንበር፣ አምስት እርፍና አሥር ድግር አለው እንበል። በሬም ሞልቶታል። ማረሻው ግን ሁለት ብቻ ነው። ስንት ጥማድ ለእርሻ ይወጣል? ሁለት ነው። የቀረው ሞፈርና ቀንበር ከግድግዳ ተደግፎ ይውላል። በጤፍ፣ በስንዴ፣ በበቆሎና በማሽላ ውስጥ ፕሮቲን አለ፤ ጤፍ ከመቶ እጅ ወደ አሥር ያህል ይኖረዋል። ነገር ግን ላይሲን የምትባለው አሚኖ አሲድ ታንሳቸዋለች። ላይሲን የእህል ማረሻ ናት። ልጁ ቂጣ ብቻ ሲበላ ሌሎቹ ፊደሎች መጥተው ላይሲን ስለምታጥር ሥራው በእሷ ልክ ይቆማል።

ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ በፋንታቸው ፕሮቲናቸው ከመቶ እጅ ከ20 እስከ 25 ይደርሳል፤ ላይሲንም ሞልቷቸዋል። የሚያንሳቸው ሜታዮኒን የምትባለው ናት። እሷ ደግሞ በእህሉ ውስጥ ትገኛለች። እንግዲህ አንዱ ጎረቤት ማረሻ ሞልቶት ሞፈር አጥቷል፤ ሌላው ሞፈር ሞልቶት ማረሻ አጥቷል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ምን ያደርጋሉ? መቀናጆ ይገባሉ። ሽሮና እንጀራ መቀናጆ ናቸው። ቆሎ ሲቆላ ገብሱና ሽምብራው አንድ ላይ መሆኑም እንዲሁ ነው። እናቶቻችን ይህን ያገኙት ኬሚስትሪ ተምረው አይደለም። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ 9ኙንም አሟልተው ይዘዋል፤ ከተገኙ እሰየው ነው። ቆጮ በሚበላበት አገር ግን ነገሩ ይከብዳል፤ የእንሰት ምግብ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ አይብ፣ ወተት ወይም ጥራጥሬ ካልታከለበት ልጅ አያሳድግም።

ታዲያ ሽሮና እንጀራ በሚበላበት ቤት ይህ ልጅ ለምን ታመመ? ይህን አያቲቱን ጠየቅናቸው። «ወጡ በርበሬ አለበት፣ ያቃጥለዋል፣ እንጀራውን ብቻ ነው እምንሰጠው» አሉን። መቀናጆው ለአዋቂዎቹ ነበር እንጂ ልጁ ዘንድ አልደረሰም።

ሌላም ነገር አለ። ጮማ ሲተርፍ ሰውነት ያከማቻል። ለፕሮቲን ግን ጎተራ የለውም። ለፋሲካ ሥጋ ጠግቦ የበላ ሰው የተረፈው ፕሮቲን ይነድዳል፣ ቅሪቱም በሽንት ይወጣል፤ እስከ ሰኔ አያቆየውም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂቱን በየቀኑ ማግኘት ይሻላል። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ በቀን ወደ 13 ግራም ይበቃዋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። ብዙ አይደለም እኮ! ብቻ ሆድ የሚሞላው እህልም ማነስ የለበትም። ማገዶ የጠፋበት ቤት በብርድ ሌሊት ምሰሶውን ነቅሎ እንደሚያነድድ፣ ኃይል ያጣ ሰውነትም የራሱን ሥጋ እየፈታ ያነድደዋል። የሚበላውንም ፕሮቲን ለግንባታ ሳያደርሰው ይማግደዋል።

ጥራጥሬ ይህን ሁሉ ፕሮቲን ከየት ያመጣዋል? ይህ ለገበሬ የሚጥም ነገር ነው ብለን እናምናለን። ፕሮቲን ለመሥራት ናይትሮጂን ያስፈልጋል። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጂን ነው፤ ግን እኛም ጤፉም ከአየር ልንወስደው አንችልም። ባቄላ ሲያብብ ከሥሩ ቀስ ብላችሁ ነቅላችሁ አፈሩን አራግፉ። ሥሩ ላይ እንደ ምስር ፍሬ የሚያህሉ እባጮች ታያላችሁ። በሽታ አይደሉም። በውስጣቸው በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ናይትሮጂኑን ከአየር እየያዙ ለባቄላው ይሰጣሉ፤ ባቄላውም በፋንታው ይመግባቸዋል። ይህን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1886 ያስታወቁት ሄልሪጌልና ቪልፋርት የሚባሉ ጀርመኖች ናቸው። አንዱን እባጭ በጥፍራችሁ ብትከፍሉት ውስጡ ቀላ ያለ ነው። ያ ቅላት ምን ይመስላችኋል? የደማችን የሄሞግሎቢን ዘመድ የሆነ ፕሮቲን ነው። በባቄላ ሥር የደም ዘመድ ይገኛል ቢባል ማን ያምናል? እኛም እስክናየው አላመንንም። ባቄላ የተነሣበት ማሳ ላይ ስንዴ ሲዘራ የሚያምረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ በማዳበሪያ ከረጢት የሚመጣው ዩሪያ የሚሰጠውም ይህንኑ ናይትሮጂን ነው።

ከጥራጥሬ መካከል ግን ጓያን ለይተን ማንሣት አለብን። ጓያ ድርቅ ይችላል፣ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ሆኖም በውስጡ ከ20ዎቹ ያልሆነ፣ ለሰውነታችን ቃል የማይሆን እንግዳ አሚኖ አሲድ አለ። ይህ ነገር ነርቭን ይመርዛል። ሌላ እህል ጠፍቶ ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ሁለትና ሦስት ወር የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል። ከተሽመደመደ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት በጎንደር በኩል በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰው ጎድቷል። የግድ የሚበላ ከሆነ በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን ደጋግሞ መድፋት፣ ከሌላ እህልና ጥራጥሬ ጋር አብዝቶ መደባለቅ ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ለልጅ ገንፎ ጓያ አይግባ።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ኩዋሺዮርኮር የሚመጣው ፕሮቲን በማነሱ ብቻ ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ይነገር ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ከዚያ የሰፋ መሆኑ ታውቋል፤ የምግቡ ጠቅላላ ማነስና አንድ ዓይነት መሆን፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ ኩፍኝ፣ የሆድ መታወክ አብረው ያመጡታል። ስለዚህ የጤና ረዳቱ ለአያቲቱ የነገራቸው የመጀመሪያ ነገር እኛን አስደነቀን። እሳቸው ዶሮ ሊያርዱለት ተነሥተው ነበር። «አይሆንም እማማ» አላቸው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የደከመ ልጅ በአንድ ጊዜ ሥጋና እንቁላል ቢታጨቅበት ጉበቱ አይችለውም፤ ሊሞት ይችላል። በጤና ጣቢያ ቀጠን ያለ የተዘጋጀ ወተት ጥቂት ጥቂት እየተደረገ፣ ሌሊትም ሳይቀር በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ይሰጠዋል፤ እንዳይበርደው ይጠበቃል፤ የጀርም መድኃኒትም ይሰጠዋል። ገንቢው ምግብ የሚበዛለት እብጠቱ መጉደል ሲጀምርና ራሱ ምግብ ሲፈልግ ነው። እግሩን ተጭናችሁ የጎደጎደባችሁን ልጅ ሁሉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ላልታመመው ልጅ ደግሞ ቤት ያፈራው ይበቃል። ሦስት እፍኝ እህልና አንድ እፍኝ የተከካ ባቄላ ወይም ሽምብራ ለየብቻ ቆልታችሁ አንድ ላይ አስፈጩ፤ ገንፎም አጥሚትም ይሆናል። ሽሮው ከምድጃ ሳይወርድ፣ በርበሬ ሳይገባበት የልጁን ድርሻ ቀንሱለት። ቢያንስ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ጡት አይነጠቅ። ጾም ሲገባ ድስቱ እንዳይነካ ተብሎ የልጁ ወተትና እንቁላል አብሮ ይቀራል። ሕፃን ጾም የለበትም፣ ይህን ካህናቱም ይናገሩታል፤ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻው ብትለይለት ነገሩ ያልቃል።

ልጁን አጎቱ አዝሎ ወሰደው። ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ደጅ ወጥተን ጠበቅነው። ፊቱ ጠቧል፣ እግሩ ቀጥኗል፣ ጎድኑ ይቆጠራል። አያቲቱ ሲያዩት ጮኹ፤ «ምነው ልጄን አከሳችሁብኝ!» አሉ። የወረደው ውሃው ነው፣ የቀረው ልጁ ነው ብለን ብናስረዳቸው አልተቀበሉንም። ልጁ ግን ከአጎቱ ጀርባ ወርዶ ቀጥታ ወደ እኛ መጣ፤ ከመካከላችን አንዱ በእጁ የያዘውን ቆሎ አይቶ መዳፉን ዘረጋ። ለሱ ጥርስ ገና ስለሚጠጥር፣ አያቲቱ እያጉረመረሙ ገንፎ ለማገንፋት ወደ ውስጥ ገቡ።